ሠንጠረዥ ሁለት፣ ረድፍ ዐሥራ አራት

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ ሳስካቱን ላይ፣
የወንዙ ጠርዝ ስስ በረዶ ማበጀት ሲጀምር ሳናይ፣
ዶክተር ማርታ ፔትሪሺን የጡረታ ወረቀቷን ፈረመች።
በማግስቱ ግን እንደ ወትሮዋ ከጠዋቱ አንድ ተኩል ተገኘች፤
«ማቀዝቀዣውን እናራግፈው፣ ሌላ ሰው ይጠቀምበት» አለች።

ትናንት ድግስ ነበር። ዲኑ ብርጭቆውን በማንኪያ ነካ፤
«አራት ሺህ ሁለት መቶ ስድስት!» አለ፣ የተጠቀሰችበትን ሲለካ።
ያንኑ ቁጥር ኬኩ ላይ በሰማያዊ ክሬም ጽፈውት ኖሮ፣
መጀመሪያ የተበላው አራቱ ሆነ፣ በቢላዋ ተሸርሽሮ፤
ሁለት መቶ ስድስት ቀረ። ማርታ አየችው፤ ሳቀች፤
«ይሄኛው ወደ እውነቱ ይጠጋል፤
አንብበው የጠቀሱኝ እነዚህ ናቸው» አለች።

እኔ ቱቦ አጣቢዋ ነኝ፣ ናሙና መዝጋቢዋ፣
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የእጅ ጽሕፈቷ አንባቢዋ።
ሰባቷን አንድ ብዬ፣ የሳምንት ሥራ አበላሽቼባታለሁ፤
አልጮኸችም። ሰባትን ወገቡ ላይ መሰረዝ ጀመረች፤
እስከ ዛሬ አየዋለሁ።

ያስተማረችኝ በበርጩማ ነው፤ በሰሌዳ አይደለም።
«ይኸውልሽ፣ ኢንዛይም መቀመጫ ነው፤ ተቀማጭ ከሌለ ሥራ የለም።
ባለጉዳዩ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ተለውጦ ይነሣል፤
ገቺው ግን ባለጉዳዩን መስሎ ቀድሞ ይደርሳል።
ገቺም ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ቢገፉት ይነሣል፤
ሌላው ራሱን ከበርጩማው ጋር ቸንክሮ ዝም ይላል።»

ነርቭ ጫፍ ላይ የሚኖር አንድ ኢንዛይም አለ፤
ሥራው አንዲት ቃል ናት፤ በቃ።
ጡንቻው ተኮማተረ? በቃ። ምራቁ መጣ? በቃ።
እሱ የታሰረ ቀን ግን በቃ የሚል የለም፤
እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ብሌን ይጠብባል፣ ላብ አይቆምም።

የስንዴ ተባይ መርዝ እንዲህ ነው፤ ቸንካሪው ዓይነት።
የማርታ ሙያ ደግሞ የቦታ ያዢዎች ጥናት፤
ሰልፍ ላይ ተራ እንደሚይዝልን ጎረቤት፣
መርዙ እስኪያልፍ ወንበሯን ይዞ ቆይቶ፣
ባለቤቱ ሲመጣ የሚለቅ፣ ቀስ ብሎ ተነሥቶ።
ግን ስንት ደቂቃ? ቶሎ ቢለቅ መርዙ ይገባል፤
ቢሰነብት እሱ ራሱ መርዝ ይሆናል።
ሠንጠረዥ ሁለት ይህ ነው። በየአገሩ ተማሪ የሚገለብጠው፣
አንዳንዱም ከነፊደል ግድፈቱ የሚያጣቅሰው።
ረድፍ ዐሥራ አራት ብቻ ደቂቃ የለውም፤
«ወንድ፣ ሃምሳ ስምንት ዓመት፣ ቦታ ያዢ አልተሰጠውም።
ቀሪ እንቅስቃሴ፦ ሦስት በመቶ።»
ከዚህ ሌላ ምንም።

ማቀዝቀዣውን ከፈትን። ከዜሮ በታች ሰማንያ።
ጉሙ እግራችን ላይ ፈሰሰ። ከታችኛው መደርደሪያ
በመሮ ፈልፍዬ ያወጣኋት ሣጥን ውስጥ፣
ሁሉም ቱቦ ቁጥር አለው፤ አንዱ ግን የለውም፤
አራት ሆሄ፣ በማላውቀው ፊደል፣ ቀለሙም አልደበዘዘም።
«ምን ይላል?» ብላት መነጽሯን አወለቀች፤
«ዩክሬንኛ ነው። አባዬ ይላል» አለች።

ዋካው አጠገብ፣ ከእህል ጎተራው ጥላ፣
አምቡላንሱ ሳይደርስ ራሷ ነበር የቀዳችው፤
ገና ተማሪ ነበረች፣ መርፌ መያዝ የጀመረች።
ጓንት እንዲያጠልቅ ስትለምነው ኖራ፣ አይወድም ነበር፤
«እጄ አፈሩን ካላወቀው ምኑን ገበሬ ሆንኩ!» ይል ነበር።

አራት ሺህ ሰው ጠቀሰው። ማነው ያለ የለም።
እኔም አላልኩም፤ ሰባትን ከአንድ ስለይ ኖሬ
ዐሥራ አራትን አላየሁም።

ወደ ቢጫው ከረጢት ትጥለዋለች ብዬ ጠበቅሁ።
ጓንቷን አወለቀች፤ በባዶ መዳፏ ጨበጠችው።
ሞተሩ ብቻ ያጉረመርማል።
ከጣቶቿ መሐል ቀዩ በረዶ ከቱቦው ግድግዳ ሲላቀቅ ይታየኛል።

መዝገቡን ገለጥኩ። ቀኑን ጻፍኩ፤ «ተወግዷል።»
«ምክንያት» የሚል ዓምድ አለ፤ እሱም መሞላት ይፈልጋል።
«ምን ልበል?» አልኳት።

«ቀለጠ በይ።»