የተሰነጠቀውን አሳየኝ

አክስቴ ኦዲል ጀልባ ልትገዛ ቆረጠች
በሰባ አንድ ዓመቷ፣ ባሏን በቀበረች በስምንተኛው ወር፤
የብስኩት ቆርቆሮ በገንዘብ ጠቅጥቃ
ሻጠችው አምጥታ ከወንበሬ ሥር።
«ንዳ» አለች፣ «ዝም ብለህ ንዳ ወደ ቦዩ፤
ሦስት ጀልባ ሠሪ አሉ፣ ሦስቱም ይታዩ።»

የሉዊዚያና ሰማይ እርጥብ ጨርቅ ነበር፣
መንገዱም ግማሹ ውሃ፣ ግማሹ ምድር።
የድሮዋ ጀልባ፣ የእንጨቷ፣ የሟች፣
ትል በልቷት ሰምጣ አፍንጫዋ ቀረች።
አሁን የምትሻው ትል የማይደፍረውን፣
ጨው የማያዝገውን፣
ጭቃ ላይ ሲጎተት ሆዱ የማይቀደውን፣
አሉሚኒየሙን።

መጀመሪያ አልሲድ። ግቢው የተነጠፈ፣
በሩ ላይ ስሙ በመብራት የተጻፈ።
ጀልባዎቹ ተሰልፈው በቀይ፣ በብጫ፣
እንደ ሰርግ መኪና፤ የቀረው ጥሩምባ ብቻ።
እሷ ግን ለቀለም ደንታም የላትና
ጎንበስ አለች፣ ጎኑን በጣቷ አንጓ መታች፤
ገበያ እንደ ወጣ እንስራ ገዢ
ጆሮዋን አስጠግታ ድምፁን አዳመጠች።
«ላሜራው ስንት ነው?» «ሦስት ሚሊ፣ እመቤቴ።»
«ከታቹስ?» «ያው ሦስት።» «ብየዳውስ የታል?»
«ስቱኮ ሞልተነው በቀለም ተሸፍኗል፣
ዓይን እንዳያስቀይም።»
«እሺ። የተሰነጠቀብህን አሳየኝ።»
«የኔ ሥራ» አለ አልሲድ ደረቱን ነፍቶ፣
«አንድም ቀን አያውቅም ተመልሶ መጥቶ።»
«እንግዲህ» አለችኝ በሩን ስትዘጋ፣
«ወይ ሰውዬው ዋሸ፣ ወይ ጀልባው ባሕር አልተጠጋ።»

ሁለተኛው ዘንድ ዋጋው ግማሽ ነበር።
ሁለት ወንድማማች፣ የፎንትኖ ልጆች፤ አይበይዱም፣ በሪቬት ነው የሚያስሩ።
ሽሪምፕ ጠብሰው አበሉን፣
ስለ አባታቸው አወሩን።
«ደጎች ናቸው» አለች ጣቷን እየላሰች፣
«ሪቬት ግን እንደ ጥርስ ነው፤ አንዱ ሲላላ ሌላውን ይጠራል።»
ሦስት ጥርስ የጎደላት እሷ ነች ይህን የምትል።

ሦስተኛው ታፔላ የለው በደጁ፤
ከዶሮ ቤት ጀርባ ይበይዳል በእጁ።
ቩ ቱዋን ይባላል። አባቱ ከቬትናም
በጀልባ ነው የመጣ፤ ይህን እሱ አይልም፣
የነገረን ጎረቤቱ ነው።
አንድ ቀፎ ቆሟል፣ ያልተቀባ፣ ራቁቱን፤
እንደ ዓሣ ቅርፊት አየን የብየዳ ስፌቱን፣
አንዱ ጠብታ በፊተኛው ላይ ተኝቶ
ከአፍንጫው እስከ ጭራው ሳይዘል ሄዷል ተጎትቶ።
«ታቹ?» «ስድስት ሚሊ።» «ጎኑ?» «አራት ይበቃል፤
ጎን ላይ ብረት መከመር ሞተር ያደክማል።»
«ዋጋው?» ነገራት። ጉሮሮዋን ጠረገች።
«ጊዜውስ?» «አሥራ አራት ወር።»
እኔ ሳልኩ። እሷ ያንኑ ጠየቀች፦
«የተሰነጠቀውን አሳየኝ።»

ጓንቱን አወለቀ።
አንዴ ዶሮዎቹን፣ አንዴ እሷን አየ።
«ኑ» አለ።

ከጓሮው ጓሮ፣ ሣር በዋጠው ሥፍራ፣
አንዲት ጀልባ ተገልብጣ ሆዷን ለፀሐይ ሰጥታለች፤
ከሦስተኛውና ከአራተኛው የጎድን አጥንት መሃል
ፀጉር የምታክል ስንጥቅ።
«የአጎቴ ልጅ ነበረች» አለ። «ማዕበል ላይ ሲሮጥ ተከፈተች። ዋኝቶ ወጣ።
እዚህ ጋ አንድ አጥንት ነፍጌያታለሁ፣
ክብደት ልቆጥብ ብዬ። ለቆርቆሮ ገዢ አልሸጥኳትም፤
ጠዋት ጠዋት ዶሮ ስመግብ አያታለሁ።»

አክስቴ ጣቷን በስንጥቁ ላይ ሳበች፣
የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳሰስ።
ከዚያ ወደ መኪናው ሄዳ
የብስኩቱን ቆርቆሮ ይዛ ተመለሰች።

«አሥራ አራት ወር እኮ!» አልኳት በጆሮዋ፣ «ሰባ ሁለት ይሞላሻል።»
«ባልገዛውስ?» አለች፣ «ሃምሳ ይሆነኛል?»

ቩ ቱዋን ሜትር ይዞ ተንበረከከ፣
ከእግሯ እስከ ጉልበቷ፣ ከጉልበቷ እስከ ዳሌዋ
እንደ ልብስ ሰፊ ለካ።
«የግራው ያመኛል» አለች፣ «ከንፈሩን በግራ ዝቅ አድርገው፤
የሸርጣን ወጥመድ የምስበው በዚያ ነው።»
እርሳሱን ከጆሮው አንስቶ ባዶ ላሜራ ላይ ጻፈ፦
አንድ ቁጥር፣ አንድ ቀስት፣ «ኦዲል»፣ «ግራ»።

ስንመለስ ዝናብ ጣለ።
እሷ ጣቷን አጥፋ የመኪናዬን በር
ኳ ኳ አደረገች፣ ጆሮዋን አስጠግታ።
ተከዘች።
«ይሄን» አለች፣ «ማን ሸጠልህ?»