ዜሮ ነጥብ አንድ

ከሐርቡ ሽንኩርት፣ ከሐርቡ ቲማቲም፣
ሃያ ሦስት ዓመት፣ አንድ ቀን አልቆመም፤
የአባቴ ፒካፕ፣ ነጩ፣ አሁን ነጭ ያልሆነው፣
የግራ በሩ በሽቦ የታሰረው፣
ዘንድሮ ሐረጎ ዳገቱ ቸገረው።

ሃያ ሊትር ጠጥቶ፣ ሁለቴ ደሴ ደርሶ የሚመለስ፣
አሁን አንዷንም ዙር፣ በስለት ነው የሚጨርስ።
የማርሚታው አፍ ጥላሸት፤
ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት፤
አባቴ በፕላስተር ሸፈናት።
«ተያት» አለኝ፣ «አርጅታ ነው፣ እንቅልፍ አጥታ።»

እሑድ ጠዋት፣ ከፋብሪካው ሌሊት ፈረቃ ወጥቼ፣
ቴስተሬን ከቦርሳዬ አውጥቼ፣
እንቅልፌን ለከሰዓት ትቼ፣
ኮፈኑን ከፈትኩት።
የኮምቦልቻ ፀሐይ ገና አጥራችንን አልዘለለም፤
ከቆርቆሮው ማዶ ከባጃጅ ድምፅ በቀር ምንም የለም።

«ምኑን ነው የምትፈልጊው?»
«አፍንጫውን።»
«መኪና አፍንጫ አለው?» ሳቀ፣ እጁን በሽርጡ ጫፍ ጠረገ።
ጎንበስ ብዬ አሳየሁት፤ ጭሱ በሚወጣበት ጉሮሮ፣
ጣት የምታህል ብረት፣ ጥላሸት ለብሳ፣ ሽቦዋ አርሮ።
«ይቺ ናት የምታሸተው። ጭሱን ቀምሳ፣
ቤንዚን በዛ፣ ቤንዚን አነሰ ብላ ወሬ አድርሳ፣
ኮምፒውተሩ ያስተካክላል።»
ዝም አለ። በእሱ ዘመን የሚያስተካክለው ጆሮ ነበር።

ሞተሩን አስነሳ። ሩብ ሰዓት ጠበቅን፤ ሳትግል አትናገርም።
ሽቦዋን ሳልቆርጥ በመርፌ ወጋሁ፤
ቀዩን ከመርፌው፣ ጥቁሩን ከቦዲው አገናኘሁ።
ቁጥሩ መዋዠቅ ነበረበት፣
ከነጥብ አንድ ወደ ነጥብ ዘጠኝ፣ ተመልሶ ደግሞ ወደ አንድ፣
ከፍ ዝቅ፣ እንደ ተኛ ሕፃን ደረት።
ዜሮ ነጥብ አንድ።
ዜሮ ነጥብ አንድ።

አልፈረድኩባትም። ቱቦም ይሰነጠቃል፣
በአንድ ምስክር የፈረደ ዳኛ ኋላ ይጠየቃል።
የውሃ ጎማ ቆርጬ አንዱን ጫፍ ጆሮዬ ላይ ሰካሁ፣
በሌላው ጫፍ መጋጠሚያውን ሁሉ ዞርኩ፣ የሚያፏጭ አጣሁ።
ቀጥዬ ጨርቅ ቤንዚን ነከርኩና፣
«አባ፣ ከማጣሪያው አፍ አስጠግተህ ያዝልኝ» አልኩት።

ሞተሩ ተንገዳገደ። ጭሱ ጠቆረ።
ዓይኔ እንባ አቀረረ፣
ሳሉ ጉሮሮዬን ሰነጠቀኝ፤
እትዬ ሉባባ ከአጥር ማዶ፣ «ሙሔ! ምን ልታቃጥሉን ነው?» አለች።
ቁጥሩ ያው ዜሮ ነጥብ አንድ።
ሞታለች።

ቀና ስል፣ አባቴ ጨርቁን በሁለት እጁ፣
ፊቱ ስር እንደያዘው ነው። አላስነጠሰ፣ አልዞረ።
«አባ፣ አይከረፋህም?»
«ምኑ?»

ሞተሩን አጠፋሁ። ግቢው ጭር አለ።
«ካቻምና ከጣለኝ ትኩሳት ወዲህ ነው» አለ፣
ጨርቁን እያጣጠፈ፣ እንደ ንጹሕ ልብስ።
«ቲማቲሙ መበስበሱን የሚነግረኝ ገዢው ነው።
ለእናትሽ እንዳትነግሪ።
ወጡን ሁልጊዜ ጣፈጠ እላታለሁ።»

ምን ይባላል? ሃያ ሁለት ቁልፍ አነሣሁ።
ዝጋቱ ነክሷታል፤ ላምባ አፈሰስንባት፣
ቁልፉ ላይ ቧንቧ ሰክተን ሁለታችንም ተንጠላጠልንበት፣
ጯ ብላ ለቀቀች።
«ይገኝላታል?»
«ደሴ ፒያሳ እጠይቃለሁ። ካልሆነ ከተፈታ መኪና።»
«ለእሷስ ይገኛል» አለ።

መዳፉ ላይ አገላበጣት፣ እፍ አለባት፣
በልማድ ይሁን በእልህ፣ ከአፍንጫው አስጠጋት።
ቆየ። ከዚያ ወደ እኔ ዘረጋት።
«እስቲ፣ ምን ምን ትላለች?»

«ብረት ብረት» አልኩት። «ትንሽም ሽንኩርት ሽንኩርት።»
«ሽንኩርት?»
«እሱ የእጅህ ነው።»