የሰማንያ አራት ካሴት ግምት

ኢፍቱ ዩያ መጣች፣ ከቀኑ በስምንት፣
ከዚራ ላይ ዛፉ ራሱ ጥላ በሚለምንበት፤
ባጃጇን አቁማ፣ ማዳበሪያ አውርዳ፣
አፉን በሻሽ ቋጥራ፣ ከነአቧራው ይዛ።

«የአባቴ ነው» አለች። «ኮምፒውተር ላይ ይግባልኝ።
ስንት ቦታ ይፈጃል? ገምተህ ንገረኝ።»

እኔ የሰርግ ቪዲዮ ሰው ነኝ፤ እንጀራዬ ግምት ነው።
የድሮ ውል ገለበጥኩ፣ ጀርባው ላይ ጻፍኩ፦
ሰማንያ አራት ካሴት፣ ዘጠና ዘጠና ደቂቃ፤
ሰባት ሺህ አምስት መቶ ስልሳ።
ጥራቱ ሳይነካ፣ ለደቂቃ አስር ሜጋባይት፤
ሲጠቃለል ሰባ ስድስት ጊጋ ግድም።

ከሥር ደግሞ ዘጠኝ የቪዲዮ ክር፣ የእህቷ ሰርግ።
ቪዲዮ ሆዳም ነው፤
በሰዓት አስራ ሦስት ጊጋ ውጦ አፉን አይጠርግም።
ዘጠኙ ሰዓት፣ መቶ አስራ ሰባት።
(የሁለት ቀን ጭፈራ ከአንድ ሰው ዕድሜ በለጠ፤
ያለው ሂሳቡ ነው፣ እኔ አይደለሁም።)

ድምር፦ መቶ ዘጠና ሦስት።

«ማስቀመጫውንማ ታይዋን ገዝቻለሁ» አለች፣
ከቦርሳዋ ፍላሽ አወጣች።
ላዩ ላይ «ሁለት ቴራ» ይላል፤ ዋጋው የግማሽ ኪሎ ሥጋ።
ሰካሁት፦ አፉ ሁለት ቴራ፣ ሆዱ ሠላሳ ሁለት ጊጋ።
ከዚያ በላይ የሰጡትን «እሺ» ብሎ ይቀበላል፣
ስሙን በዝርዝር ያሳያል፤
ሲከፍቱት የለም።
እንዲህ ያለ አጎት አለኝ። አልነገርኳትም።

«ከፈለግሽ ይጨመቃል፤ ድምፁ አስር እጅ ያንሳል።»
«ሲጨመቅ ምኑ ይወጣል?»
«ጆሮ የማይሰማው።»
«የማን ጆሮ?»

ዝም ብዬ የመጀመሪያውን ካሴት አስገባሁ።

ዩያ ኡሶ የባቡር ምልክት ሠራተኛ ነበር።
ፍሬን ሲያፏጭ ቀድቷል፣ ብረት ከብረት ሲማማል፣
ወዛደር በሦስት ቋንቋ ሲሰዳደብ፣
ቴምር ሻጯ በአራተኛው ስታስታርቅ።
እስከ አርባ ስድስት ድረስ እንዲህ ነው።

ከአርባ ሰባተኛው ጀምሮ ባቡር የለም።
ሰውየው ግን በሰዓቱ ሄዷል፣
ቴፑን አስቀምጦ ቀይዋን ቁልፍ ተጭኗል።
ቆርቆሮ በንፋስ ይንቋቋል።
ፍየል።
የጫት ቅጠል ከእንጨቱ ሲቀነጠስ፣ ቀጭ።
ረጅም ጊዜ ምንም።
ከዚያ ሳል፤ ሰው ሊናገር ሲል እንደሚጠርገው ጉሮሮ፣
ግን አይናገርም።

«ይህ ባዶ ነው፤ ልዝለለው?» ልል ነበር።
ማሽኑ ጩኸትና ዝምታን አይለይም፣
ለዝምታም በደቂቃ አስር ያስከፍላል።
ሠላሳ ስምንት ካሴት መጠበቅ፣
ሠላሳ አራት ጊጋ።
እኔም በማንም ቤት ይህን ያህል ቦታ
ለዝምታ ሲሰጥ አላየሁም።

ቀና ስል እስኪርቢቶዬን እያየች ነው።
«ጻፈው» አለች።

ጻፍኩ። ከታች ደግሞ፦ ዲስክ ሁለት፣
ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት የሚባለው፤
ሲሰኩት ሁለት መቶ ሠላሳ ስምንት ነው፤ አትደንግጪ፣
ገበያ ያለ ልማዱ ሞልቶ አይሰፍርም።
አንዱ ሳቢያን፣ አንቺ ዘንድ፤
አንዱ ሐረር፣ አክስትሽ ቁም ሳጥን ውስጥ፤
ደቻቱ ሲሞላ ዋናና ቅጂ አይመርጥም።
ትርፍ፦ አርባ አምስት ጊጋ፤
ልብስ ሰፊ ለሚያድግ ልጅ
ጠርዙ ላይ እንደሚተወው እጥፋት።

ሐሙስ ተመለሰች፤ በእጇ አንድ ካሴት፣
ከአባቷ ፍራሽ ሥር የተገኘ።
ላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም፤
ክሩ ከፋብሪካ እንደወጣ ቡናማ፣ ንጹህ።
«ይሄስ?» አለች። «ስንት ይፈጃል?»

ወረቀቱን ፈልጌ አወጣሁ።
ሰማንያ አራትን ሰረዝኩ፣
ሰማንያ አምስት።
ዘጠና ደቂቃ፣ ዘጠኝ መቶ ሜጋባይት።
ላስቲኩን ግን አልነካሁትም፤
እሷም ቅደደው አላለች።