«እንጃ» የሚል መሳቢያ

ሄርማታ መርካቶ፣ ከቆርቆሮው ተራ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣
አጎቴ ረሻድ አለ፣ መቶ አርባ መሳቢያ ግድግዳ ላይ ተክሎ፤
ብሎን፣ ካቦ፣ የቧንቧ አንገት፣ ጎሚኒ፣ ሽቦና ጥርስ፣
እጁ ነው የሚያውቀው የቱ የት እንዳለ፣ ዐይኑ ሳይደርስ።

«ሱቁን ኢንተርኔት ላይ አውጪልኝ እስቲ» አለኝ በስልክ፤
ተምሬ የለም ወይ? በሁለት ሳምንት አስያዝኩት መልክ፤
በፋብሪካው ስም፣ በኮዱ ቁጥር፣ በሚሊሜትር ለይቼ፣
ከክፍል ውስጥ ክፍል፣ ከንዑስ ክፍል ንዑስ ክፍል አውጥቼ፣
«እንዲህ ያለ ሥርዓት ጅማ አላየችም» ብዬ ተኛሁ ኮርቼ።

ወር ሞላው፤ አልገዛም ሰው።
የሚገባ አለ፣ ቆጣሪው ያሳያል፤ ግን ደጃፍ ላይ ነው የሚመለሰው።
ደወልኩለት ለአጎቴ፦ «ሰዉ ማንበብ አይችልም እንዴ?»
ሳቀ። «ሐሙስ ነይ» አለኝ፤ «ገበያ ነው። ቁሚ ከኔ ጎን፣ ሆዴ።»

ሐሙስ። ዝናብ። ባጃጁ ጭቃ ይረጫል፤
ከማና፣ ከዴዶ፣ ከሰቃ የመጣ ሰው በሩን ሞልቶ ይንጫጫል።
አንድ ጎልማሳ ገባ፣ ጃኬቱ ውሃ ያዘለ፣
አየር ላይ በጣቱ ቀለበት እየሳለ፦
«ያቺ... ፍሬን ስይዝ እንደ ድመት የምትጮኸው የለች?» አለ።
አጎቴ ዞረ፤ ሦስተኛው ረድፍ፤ ሳያይ አወጣለት።
እኔ ነኝ ያን ዕቃ «የግጭት አካል፣ የኋላ፣ ዓይነት ሁለት»
ብዬ የቀበርኩት፣ ከአራት በር ወዲያ፣ ማንም በማይደርስበት።

በርጩማ ጠራቢው ኦቦ ናስር መጣ፣ የእንጨት ብናኝ ቅንድቡ ላይ፣
«ራስ የሌላትን ምስማር» አለ፣ «ገብታ የማትታይ።»
ሸምሲያ መጣች ከቦሳ ቂጦ፣ ጃንጥላዋን ሳታጥፍ፦
«ማታ ጠብ ጠብ ይላል፤ አምስት ቀን ሆነኝ ከራቀኝ እንቅልፍ።»
«ምኑ?» ልላት ስል፣ አጎቴ ቀድሞኝ፣
አንዲት ጎሚኒ መዳፏ ላይ አኖረና ዝም አሰኘኝ።

ደብተር አወጣሁ። የሚሉትን ብቻ መጻፍ ጀመርኩ፦
«የሚያንገጫግጭ»፣ «የላላ»፣ «የበር ምላስ»፣ «ቁልፌን ሰበርኩ»፣
«የአባቴ ሬዲዮ ውስጥ ያለው ትንሹ»፣
«ቀዩ፣ አረንጓዴው ሳይሆን፣ ካለም ርካሹ»።
እስከ ምሽት ድረስ አንድ ሰው እንኳ አልጠራም የኮድ ቁጥር።
(አንድ መካኒክ ጠርቷል፣ ልክ ልናገር፤ እሱም ተሳስቶ ነበር።)

ከሁሉ የገረመኝ ግን የታችኛው ረድፍ፣ ከጥግ ያለው፣
ፊቱ ላይ በጠመኔ «እንጃ» ተብሎ የተጻፈው።
ከሌላው ይልቅ እጀታው ያበራል፣ በመዳፍ ብዛት ተወልውሎ፤
ሰው ስሙ የጠፋውን ስባሪ ያመጣል፣ በወረቀት ጠቅልሎ፤
አጎቴም መሳቢያውን ይስባል፣ «ና፣ አብረን እንፈልግ» ብሎ፤
ባንኮኒው ላይ ይዘረግፈዋል፤ ሁለቱ ጎንበስ ይሉና፣
ያገኙታል። አንዳንዴ አያገኙም። «ለሐሙስ ተመለስና...»

«ለምን አትለየውም ይሄን?» አልኩት።
«ብለየው፣» አለኝ፣ «ስሙን የማያውቅ ሰው በየት በኩል ይግባ ከኔ ቤት?»

ማታ አጂፕ ካለችው ክፍሌ፣ መብራት ሄዶ እየመጣ፣
የሠራሁትን አፈረስኩት፤ አንድም ሳይቀር እስኪወጣ።
አራት በር ነበር፤ አንድ አደረግኩት። የኮዱን ቁጥር አልጣልኩም፣
ከሥር ነው፣ በትንሹ፤ መካኒኩን ደግሞ አልበደልኩም።
ከላይ ግን የነሱ ቃል ነው፦ «ይጮኻል»፣ «ያፈሳል»፣ «አልዘጋ አለ»፣
በአማርኛም በኦሮምኛም፣ ምላስ እንዳመጣው፣ እንደተባለ።
ከሁሉ በታች አንዲት መስመር፦ «እንጃ፤ ፎቶውን ላክልን።»
ረሻድ አይቶ፣ መነጽሩን አውልቆ፣ «መጨረሻ ላይ ለምን?
ሱቁ ውስጥ ከታች ያደረግኩት ከባድ ስለሆነ ነው፤
እዚህ ምን ይከብዳል? ከላይ አድርጊው።»

ትናንት ሌሊት፣ ስድስት ሰዓት አልፎ፣ ስልኬ ብልጭ አለ፤
ከሊሙ ነው። ፎቶ። የሆነ ብረት፣ ጥርሱ የጎደለ።
«የእናቴ የስፌት መኪና ነው። ስሙን አላውቅም።»
እኔም አላውቅም።
ለአጎቴ ላክሁት። አልተኛም ነበር፤ መልሱ ወዲያው መጣ፦
«እንጃ።
ሐሙስ ይዞት ይምጣ።»