አራት ጣት

አዘዞ መውጫ ላይ፣ ከአዛናው ጋራዥ ደጅ፣
ክሪክ ላይ ቆማለች ያባቴ ሴት ወዳጅ።
እናቴ ማዘንጊያ «ጣውንቴ» የምትላት፣
ሠላሳ ክረምቶች ጭቃ የሞሸራት፤
ቀለሟ ክሬም ነበር፣ አሁን ግን አይታወቅ፣
በሯን ስትዘጋው መስኮቱ የሚወድቅ።

ባለፈው ሐምሌ ነው፤ በለሳ ስንወጣ
ከጅረቱ መሃል አንድ ድንጋይ መጣ።
ድንጋይ መቼ ይመጣል? እሱ ግን እስካሁን
«መጣብኝ» ነው የሚል ስንጠይቀው ጉዱን።
ሆዷን ተረተራት፤ ዘይቷም ፈሰሰ፤
ውኃው ቀስተ ደመና ለአፍታ ለበሰ።
ሽምብራው፣ ሦስት ሰው፣ ፍየሏም ጭምር
እዚያው አነጋነው ከድንጋዩ ጥግ ሥር።

አዛናው ከሥሯ ገባ ተንፈላስሶ፣
የእጅ ባትሪውን በጥርሱ ነክሶ።
«ይኸው ባሌስትራው ቅስቱ ጠፍቶበታል፣
እንደ ደከመ ሰው እግሩን ዘርግቷል።
ስንጥቁን ቅጠል አውጥቼ ልጣለው፣
እሳት ላይ አጋድሜ ሌላውን ልቀስተው።
አራት ጣት ካነሣኋት ድንጋይ አያገኛት፤
አምስት ካልሽ ግን ኩርባው ነው የሚጥላት።»
ዋጋውን በጣቱ ጻፈ ኮፈኑ ላይ፤
በእጅጌዬ ጠረግሁት፣ ግማሹን፣ ሳላይ።

ሁለት ቀን ሙሉ ዝገት ተደበደበ፤
ሽባባው በናፍጣ ቦሎን አረጠበ።
አንዱ ፈታ አለ፣ አንዱ ተሰበረ፣
አንዱ «አልወጣም» ብሎ ሥር ሰዶ ቀረ።
ከሞተ አይሱዙ ቅጠል ተገዛላት፤
የማን እንደነበር ማንም አልነገራት።
አሞርዛተሩንም ረዘም ያለ መረጥን፣
ለፍሬኗም ቱቦ ትርፍ ስንዝር ቀጠልን።

ዓርብ ወደ ማታ ክሪኩ ወረደ፤
እሷ ግን አልወረደች።
የጋራዡ ድመት ጅራቱን እንደቀሰረ
በሥሯ አልፎ ሄደ።

አባቴ በባጃጅ ከፒያሳ መጣ፤
ሦስት ጊዜ ዞራት፤ ቃል ካፉ አልወጣ።
እንደ ድሮ ልማዱ እጀታዋን ያዘ፣
ግራ እግሩን አነሣ፤
ጉልበቱ እምቢ አለ፣ አየር ላይ ፈዘዘ።
እግሩን መለሰና ጎማዋን መታ መታ አደረገ፣
ለዚያ ያነሣው መስሎ።

ማናችንም አላየንም።
ሽባባው ንጹሑን ቁልፍ እንደገና ወለወለ፤
አዛናው የቆጠረውን ቦሎን ቆጠረ፤
እኔም የማይዘንብ ደመና ላይ አፈጠጥሁ።

የድንጋዩን ቁመት በስንዝር ለክቼ፣
የጅረቱን ጥልቀት በዱላ አይቼ፣
ኩርባውን ጠየቅሁ፣ ጎማውን፣ ጭነቱን፤
ማን ጠየቀ ግና ያባቴን ጉልበቱን?

አዛናው ምንም አላለም። ከጥራጊው መሃል
ያን ስንጥቅ ቅጠል ስቦ አወጣና
ስንጥቁን ትቶ ደህናውን ቆረጠ።
ብየዳው ቦግ ሲል
የሁላችን ጥላ ግድግዳው ላይ አበጠ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጭነት የተሸከመው፣
ቅስቱ በመጥፋቱ የተጣለው ብረት፣
ለጥ ያለ ስለሆነ ለእግር ተመቸ፤
ከበሩ ሥር ሆነ፣ ስንዝር ዝቅ ብሎ።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ አባቴ ቆጣ ብሎ።
«ለጫኞቹ ነው» አለ አዛናው፣ ቀና ሳይል፤
«ልጆቹ አጫጭር ናቸው።»
አባቴ ብረቱን አየ። አዛናውን አየ።
ብየዳው እስኪበርድ እጁን ኋላው አጣምሮ ቆየ።
«ለሰው ልጅ ነዋ» አለ፣ «ሳይሞከር አይሆንም።»

ወጣ። በሩን ሳበ። መስኮቱ ወደቀ።
መሪውን ጨበጠ፤ ከዚያ ከላይ ሆኖ
ቁልቁል አየኝና ጥቂት እንደመሳቅ፦
«አንቺ፣ መቼ ነው እንዲህ ያጠርሽው?»
ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስሎ ተነሣ።
«እንግዲህ» አለ፣ «ይምጣ ያ ድንጋይ።»