ከፍ አድርገህ ግፋው

ሐረጎ ላይ ጉም ነው። ጉም ብቻም አይደለ፤
ሲኖትራኩ ከፊት መስመሩን ዘለለ።
በግራዬ ገደል፣ በቀኜ ቋጥኝ፤
እኔ መች መረጥሁ? ዲኤክሷ መረጠችልኝ፤
ፍሬኗ እያቃሰተ ወደ ድንጋዩ ዞረች፣
አፍንጫዋን ሰጥታ አፍንጫዬን አስቀረች።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን፣ ሙሄ ጋራዥ በር ላይ፣
አንድ ወጣት ቆመ፣ ሜትሩን ዘርግቶ ጉዳቷን ሊያይ።
«ገማች ነኝ» ሲለኝ ሆዴ ተላወሰ፤
ገና መች ገማች? ሞተሯ ትናንት እንኳ ተነሥቶ ተነፈሰ!
«ኮፈን፦ ታጥፏል። ፓራውልት፦ የለም።
ራዲያተር፦ ፈንድቷል» እያለ ሲያዘግም፣
ሻንሲው ጋ ሲደርስ ተንበርክኮ ዝም አለ፤
ከቃሉ ሁሉ ይልቅ ያ ዝምታው ገደለ።

የጋቢናው በር ሦስቴ ቢወረውረው ሦስቴ ተከፈተበት፤
«አይሠራም» የሚል ቃል ዝርዝሩ ላይ አሰፈረበት።
«ኧረ ይሠራል፣ ወንድሜ! ከፍ አድርገህ ግፋው፤
አሥራ አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የምዘጋው።»
ፈገግ አለ።
የጻፈውን ግን አልሰረዘም።

ኮምቦልቻ፣ ሙቀት። ሁለተኛ ፎቅ። ወረፋ።
ማራገቢያው ይዞራል፣ እንደ እኔ፣ ካለበት ሳይነቃነቅ።
«ጥገናዋ ከዋጋዋ በልጧል» አለች ሶስና በለሆሳስ፣
«ጠቅላላ ውድመት ነው። ወይ ካሳውን ይውሰዱ፣
ወይ ቅሪቷ ለእርስዎ ይሁንና ዋጋዋ ከካሳው ይቀነስ።»
«ዋጋዋስ ስንት ነው?»
«ውሉ ላይ ያለው ነው።»

ውሉ ላይ ያለው! ያኔ አረቦን እንዲቀልለኝ ብዬ፣
ራሴ ነኝ ያረከስኳት በገዛ ፊርማዬ።
በየዓመቱ የቆጠብኳት ሦስት መቶ ብር፣
አድፍጣ ቆይታ በላችኝ፣ ከነወለዷ ጭምር።
ደብዳቤው ሲጀምር «ውድ ደንበኛችን» ይላል፤
እኔ ውድ ከሆንሁ መኪናዬን ምን ያረክሳታል?
የሚሰጡኝ ገንዘብ
ለመግዣ ያንሳል፣ ለመተው ይበዛል።

ሙሄ «አብሽር!» አለኝ፣ ጣቱ በግራሶ እንደጠቆረ፤
«ሻንሲውን አቀናዋለሁ፣ ብቻ ስድስት ወር ስጠኝ።»
«አከራያችን ስድስት ወር የሚባል አታውቅም» አለች ሉባባ፣
ደረሰኞቹን በትልቅ በትንሽ እየደረደረች።
ቆየችና ደግሞ፣ ቀና ሳትል፦
«የምታመጣልኝን አምጥታለች። ሌላውን ይውሰዱት።»

ሦስት ቦታ ፈረምሁ። ሊብሬዋን አስረከብሁ።
ታርጋዋን ስፈታ አንዱ ብሎን ዝጎ እምቢ አለኝ፤
ከእኔ ይልቅ እሱ ተከራከረላት።

ሐምሌ። ሸዋበር። ዝናቡ ከጦሳ ወርዶ አስፋልቱን ይገርፋል።
አሁን ተሳፋሪ ነኝ። እጄን ሳነሣ
አንዲት አሮጌ ዲኤክስ ውሃ እየረጨች ቆመች፤
አካሏ ሰማያዊ፣ የጋቢናው በር ግን ሌላ ሰማያዊ፤
ከመያዣው ሥር፣ አንድ ክረምት በሽቦ የጠመዘዝኳት
ቋጠሮ አለች፣ እንዳለች።
ልጁ «ቀስ በል ፋዘር፣ እሱ በር እኮ...» ሊል አፉን ሲከፍት
እጄ ቀደመው፤
ከፍ። ገፋ። ጠቅ።

«እንዴት አወቅህ?»

መጥረጊያው መስታወቱን አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ጠረገ።
«ይሠራል» አልኩት።
«ንዳ፣ ወደ ፒያሳ።»