ሦስት ጣት ክፍተት

ከሞስኮ ወጣ ብሎ፣ ቶሚሊኖ፣ ከባቡሩ ሐዲድ ማዶ፣
እንጀራዬ ጂፕሰም ነው፤ ለብ ያለ ውሃ፣ ነጭ ዱቄት፣ አንድ ገንዳ ባዶ።
ወደ ላይ የሚሄዱ ሁሉ መጀመሪያ እዚህ ይተኛሉ፣
ጉልበት አጥፈው፣ በስስ የውስጥ ልብስ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ይቀልዳሉ።
ልስኑ ሲፈስ ይቀዘቅዛል፣ ሲጠጥር ይሞቃል፤
የጀርባን ገመና ከትዳር ጓደኛ ይልቅ እሱ ያውቃል፤
የማን ትከሻ እንደዘመመ፣ የማን ወገብ እንደጎበጠ፣
ማን በልጅነቱ ከዛፍ ወድቆ ለእናቱ ሳይናገር እንዳመለጠ።

ራይሳ ክሩግሎቫ በየካቲት መጣች፣ በረዶ ከጫማዋ እያራገፈች።
አንድ ሜትር ከስድሳ አራት። ለካሁ፤ ፈረመች።
ከዚያ እንደ ልማዴ ከአናቷ በላይ ሦስት ጣት ክፍት ተውኩ።
«ይሄስ ምንድን ነው?»
«የምታድጊበት» አልኩ።

ሳቀች። በአርባ ሁለት ዓመቷ!
«የሚያድገው ልጄ ግሌብ ነው፤ በየወሩ ሱሪው ያጥረዋል።»
«እዚያ የሚጫንሽ የለም» አልኳት፤ «ጀርባሽን ሸክሙ ይለቀዋል።»

የቀረውን ያወራችልኝ ኋላ ነው፣ ከዘራ ይዛ፣ እዚሁ ዱካ ላይ ተቀምጣ።

በሦስተኛው ሌሊት፣ ሌሊት ከተባለ፣ ወገቧ ጮኸ።
ምንም ያልተሸከመ ወገብ!
በአከርካሪዋ አጥንቶች መሐል ያሉት ትራሶች
እንደ ተዘፈዘፈ አተር ውሃ ጠጥተው አብጠው፣
ተፈጥሮ ያጎበጠችውን ቅስት ቀጥ አድርገው ገትረው፣
አምስት ሳንቲሜትር ጨመረች፤ በየሚሊሜትሩ አቃሰተች።
«ማንን ልክሰስ? ያሸከመኝ የለ፣ ጫንኩብሽ የሚል የለ፤
ጉልበቴን ወደ ደረቴ ሰብስቤ እንደ ፅንስ ካልተኮማተርኩ
እንቅልፍ የሚባል አልነበረም» አለች።
ፀሐይ እዚያ በቀን አሥራ ስድስት ጊዜ ትወጣለች፤
አሥራ ስድስቱንም ወገቧን ይዛ አየች።

ከአከርካሪው ግራና ቀኝ የሚቆሙት ደቃቅ ጡንቻዎችስ?
ጠላት እንደሌለው የኬላ ዘበኛ
መጀመሪያ ትጥቃቸውን ፈቱ፣ ከዚያ ተኙ።
ትሮጥ ነበር በላስቲክ ታስራ፤ ትገፋ ነበር፣ ትስብ ነበር፤
እግሯ ሰማ። ወገቧ አልሰማም።

በስድስት ወሯ ጀዝካዝጋን አጠገብ ሜዳ ላይ ዱብ አለች።
ከልስኑ የተወለደው መቀመጫ ተቀበላት፤
ከሦስቱ ጣቶቼ የተረፈው ግማሽ ጣት ነበር።
ያቺን ግማሽ ጣት እስከ ዛሬ አስባታለሁ።
አውጥተው በወንበር ሲሸከሟት
ኤርሜክ የሚባል ነርስ አንገቷን በመዳፉ ደግፎ
«አትቸኩዪ» አላት፤ «ምድር የትም አትሄድ።»

ቤቷ ስትገባ ግሌብ በበሩ መቃን ላይ በእርሳስ ለካት፤
በሳምንቱ ደግሞ ለካት፤
ምልክቱ ወረደ።
«እማዬ፣ እየቀለጥሽ ነው እንዴ?»

ሐኪሙ አስጠንቅቋት ነበር፦ ከላይ የመጣ ወገብ
ዓመት ሳይሞላው አይታመንም።
እሷም ባልዲ አላነሣች፣ ልጅ አላዘለች፣ በረዶ አልዛቀች።
በአርባ ሦስተኛው ቀን ግን እርሳሱ ከግሌብ እጅ ወደቀ፤
ጎንበስ አለች፣
እዚያው ቀረች።
ሮኬት ያልሰበረውን ወገብ
እርሳስ።

ይህን ነግራኝ ስታበቃ ከመደርደሪያው የራሷን ቅርጽ አወረድኩላት።
ቀስ ብላ ተኛችበት። ከአናቷ በላይ እጄን ሰደድኩ፦
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሙሉ ሦስት።
«ያ ቦታ አሁን የማን ነው?» አለችኝ።
መልስ አልነበረኝም።
እኔ ራሴ በስድሳ ስምንት ዓመቴ እያጠርኩ ነው፤
ባለቤቴ ዚናይዳ ዘንድሮ ሱሪዬን ሁለት ጊዜ አሳጥራዋለች፤
ከኔ የጎደለውን ማን እንደለካው አላውቅም።

ልስኑን ከጥፍሬ ፋቅሁ። ገንዳውን አጠብኩ።
ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ረጅም ልጅ ይመጣል፣ ከኦምስክ፣
በስልክ ሲያወራ የሚስቅ፣ ወገቡን ገና የማያውቅ።
አራት ጣት ልተውለት ይሆን?